ከመሃል አዲስ አበባ ተነስቶ የሐይቅ ዳር ቀን እንዴት ይዋላል?

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሐይቅ ሲያይ «ባሕር» ነው የሚለው። ቢሾፍቱ ሲደርሱ በመኪና መስኮት አንገታቸውን አስግገው «ባሕሩ! ባሕሩ!» የሚሉ ልጆች ሰምታችሁ ይሆናል። እቴቴ የምንላት አክስቴ በወጣትነቷ ምጽዋ ኖራለች፤ እውነተኛውን ባሕር ታውቀዋለች። ልጆቹን ግን አታርማቸውም። «ዳሩ ላይ ተረጋግተሽ ከተቀመጥሽ ባሕር ነው» ትለኛለች። ከታች የምጽፈውን አብዛኛውን የተማርኩት ከእሷ ጋር ስመላለስ ነው።

ጽሑፉ መሃል ከተማ ለሚኖር ሰው ነው። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ለገሃር፣ ቂርቆስ። መኪና ያለውም የሌለውም ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል። መድረሻችን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ቢሾፍቱ ናት። ላንጋኖም ያምራል፤ ነገር ግን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማደር ይፈልጋል።

1. ቀኑን ምረጡ

ጥሩው ወቅት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። ታኅሣሥና ጥርም ደህና ናቸው። ጠዋት ጠዋት ግን ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ። ከቻላችሁ እሑድን ትታችሁ ቅዳሜ ሂዱ። በሥራ ቀን እረፍት ካገኛችሁ ደግሞ ከሁሉም የተሻለ ነው።

አንድ ቀን ግን ለይታችሁ እወቁ። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ለበዓሉ ከሆነ የምትሄዱት ቀኑ እሱ ነው። ጸጥታ ፍለጋ ከሆነ ግን ሌላ ሳምንት ምረጡ፤ ከተማውም መንገዱም በሕዝብ ይሞላል።

ሙሉ ቀን ላጣ ሰው ሸራተን አጠገብ ያለው ወዳጅነት ፓርክ አለ። ውሃው ሰው ሠራሽ ነው፤ አመሻሹ ላይ ዙሪያውን መራመድ ግን ልብ ያሳርፋል።

2. አንድ ሐይቅ ብቻ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ብዙ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ አረንጓዴ ሐይቅ። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት ያምራል። እኛም መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ሦስቱን አዳረስን። ወረድን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ወደ መኪናው ተመለስን፣ ወደሚቀጥለው ነዳን። ማታ ቃሊቲ ስንደርስ እቴቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች «ውሃ አየሁ እንጂ ውሃ ዳር አልዋልኩም» አለች። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐይቅ መርጠን እዚያው እንውላለን።

የትኛውን? እንደ ሰዉ ነው። ከከፍታ ላይ ሆኖ ማየት ለሚወድ ቢሾፍቱ ሐይቅ አለ፤ ከተማው ውስጥ ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል ማየት ነው ደስታው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ግን መውረዱና መውጣቱ ይከብዳል። ዛፍ ጥላ ሥር ማንጠፍ የፈለገ ሆራ ይሂድ። ጸጥታ ለሚሻ የእኔ ምርጫ ባቦጋያ ነው። ወፍ ማየት የሚወድ ደግሞ ጨለለቃን አይለፍ። ጨለለቃ እንደ ሌሎቹ ጥልቅ አይደለም፤ በዝናብ ጊዜ ሰፍቶ በበጋ የሚሸሽ ረግረግ ነው። አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው በውሃው ውስጥ ከሚራባው ስፒሩሊና ከሚባል ደቃቅ ነገር ነው። ለማየት እንጂ ለመዋል አልመክረውም።

ከመሄዳችሁ በፊት ወደመረጣችሁት ቦታ ደውሉ። መግቢያው ስንት ነው? ከቤት የመጣ ምግብ ይገባል? እኛ አንድ ቦታ ሳንጠይቅ ሄደን በር ላይ ምሳችንን አስቀመጡብን። ድፎ ዳቦው እስክንወጣ ዘበኛው ቤት ዋለ።

3. ማታውኑ ሸክፉ

ጠዋት የሚሸከፍ ዕቃ ሁለት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ማታ ይለቅ። ሰሌን ወይም ንጹሕ ማዳበሪያ፣ ጋቢ፣ ኮፍያ፣ ብዙ የሚጠጣ ውሃ፣ የፀሐይ ቅባት። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ብላ ትሞቃለች፤ እንዲያም ሆኖ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ከውሃው የሚመለሰው ፀሐይ ደግሞ ከታች ይጨመርበታል። ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ፊቱ ሊቃጠል ይችላል።

ምግብ ላይ አትጨናነቁ። ወጥ በመኪና ሙቀት ይበላሻል፣ ይፈስሳልም። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝና ብርቱካን ይበቃሉ። ጾም ከሆነም አያስቸግሩም። ቡናው በፔርሙዝ ይሁን። ሁለት ባዶ ፌስታል ጨምሩ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

4. 12 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ

ስለ ሰዓት አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐይቅ ዳር ቀን ጠዋት ነው። ማለዳ ውሃው እንደ መስተዋት ይተኛል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉ ዳሩን ይመታል፣ የውሃው ቀለም ይጨልማል። ረፍዶ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው ይህን ብቻ ነው።

መኪና የሌላችሁ ከለገሃር ወይም ከስታዲየም ቀላል ባቡሩን ይዛችሁ ቃሊቲ ውረዱ። ወይም በታክሲ ሂዱ። ከቃሊቲ መናኸሪያ የቢሾፍቱ መኪና አይጠፋም። ቢሾፍቱ ስትደርሱ ባጃጅ ይወስዳችኋል፤ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ። የሚነዳ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። የክፍያ መንገዱ ፈጣን ነው። አሮጌው በአቃቂና በዱከም የሚያልፈው መንገድ በከባድ መኪና ይጨናነቃል። ጠዋት በፈለጋችሁት ሂዱ። ማታ ስትመለሱ ግን በክፍያው መንገድ ግቡ።

5. ውሃው ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ

ይህችን ክፍል እባካችሁ ልጅ ያላችሁ በደንብ አንብቧት።

የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። የቀረው ጉድጓድ ውሃ ይሞላል። ለዚህ ነው ሐይቆቹ እንደ ሳህን ክብ የሆኑት፣ ዙሪያቸውም ገደል የሆነው። ገደሉ ውሃው ጫፍ ላይ አያበቃም። ከውሃው በታችም ቁልቁል ይቀጥላል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ነው።

ባሕር ዳር ሲባል ሰው የሚያስበው ቀስ እያለ የሚጠልቅ አሸዋ ነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ቁርጭምጭሚት የደረሰ ውሃ ሁለት እርምጃ ወደፊት ቢሉ አንገት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ልጅ እጁ ተይዞ ነው እግሩን የሚነክረው። ዋና የሚችልም ቢሆን ቦታው ካልፈቀደለትና ዳር ሆኖ የሚያየው ሰው ከሌለ አይግባ። መጠጥ የቀመሰ ሰው ጨርሶ አይግባ። ጀልባ ላይ ስትወጡ የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ፤ ከሌለ ጀልባው ይቅር።

6. ተቀመጡ

ሰሌኑን ካነጠፋችሁ በኋላ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ምንም አታድርጉ። መጀመሪያ ይሰለቻል። ቀስ እያለ ግን ዓይን መለየት ይጀምራል።

ባለፈው ጥቅምት ባቦጋያ ነበርን። ውሃ ውስጥ የወደቀ ግንድ አለ። ግንዱ ላይ አንዲት ጥቁር ወፍ ክንፎቿን ሁለት ወገን ዘርግታ ቆማለች፣ ልክ ልብስ እንደሚሰጣ። መጀመሪያ የታመመች መስላኝ ነበር። ከውሃ ወጥታ ክንፏን እያደረቀች ነው። ደቂቃዎች አለፉ፤ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ ጠለቀች። እቴቴ ትቆጥር ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሃያ ሦስት ላይ ወፏ ከጠለቀችበት በጣም ርቃ ብቅ አለች፤ ጫፉ የሚያብረቀርቅ ዓሣ በአፏ ይዛለች። ልጆቹ እስከ ምሳ ድረስ ሲቆጥሩ ዋሉ። ሌላ ጨዋታ አልፈለጉም።

ምሳ ሬስቶራንት የምትበሉ ከሆነ እንደደረሳችሁ እዘዙ፤ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ጊዜ ይወስዳል። ዓሣ በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ አብሯችሁ የመጣውን ሰው ቀድማችሁ ጠይቁት።

7. ነፋሱ ሲነሳ ተነሱ

9 ሰዓት ገደማ ውሃው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሰሌኑን ማጠፍ ጀምሩ። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ መሽቶ ከሌላው መኪና ሁሉ ጋር ቃሊቲ ላይ ትሰለፋላችሁ። የቀኑ ደስታ ግማሹ እዚያ ያልቃል።

አሁን ሁለቱን ፌስታሎች አውጡ። አንዱ ለእናንተ ቆሻሻ ነው። ሁለተኛው ከእናንተ በፊት የነበሩት ጥለውት ለሄዱት። ሐይቆቹ ውሃቸውን ጠርጎ የሚወስድ ወንዝ የላቸውም። የገባ ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። የብርቱካን ልጣጭም ቢሆን አትጣሉ።

እቴቴ ከመነሳታችን በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ታደርጋለች። ወደ ውሃው ጫፍ ትወርዳለች፣ እኔ ክንዷን እይዛለሁ፣ እጇን ነክራ ፊቷን ትዳብሳለች። ከዚያ «በቃ፣ እንሂድ» ትላለች፤ መኪናው ውስጥ ገና ዱከም ሳንደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትተኛለች።