ባለቀለም ፎቶን በፎቶሾፕ ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር

ብዙ ሰው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩን አንድ ላይ ይጫንና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። "ዲሳቹሬት" የሚባለው ይህ ትእዛዝ ከሦስቱ የቀለም ቁጥሮች (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255) ትልቁንና ትንሹን ደምሮ ለሁለት ያካፍላል። ስለዚህ ንጹሕ አረንጓዴ፣ ንጹሕ ቢጫና ንጹሕ ቀይ ሁሉም 128 ላይ ያርፋሉ። ባንዲራችን በእነዚህ ንጹሕ ቀለሞች ተስሎ እንዲህ ቢቀየር ሦስቱ ሰንበሮች አንድ ወጥ ግራጫ ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ይልቅ ሌየርስ ፓነል (የፎቶው ንብርብሮች የሚዘረዘሩበት ሳጥን) ግርጌ ያለችውን ግማሿ የተሞላ ክብ ተጫኑና "ብላክ ኤንድ ዋይት"ን ምረጡ። ዋናው ፎቶ ሳይነካ ከሥር ይቀራል። የሚመጡት ስድስት ተንሸራታቾች መነሻቸው ቀይ 40፣ ቢጫ 60፣ አረንጓዴ 40፣ ሲያን (አረንጓዴ የቀላቀለ ውሃ ሰማያዊ) 60፣ ሰማያዊ 20፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደማቅ ሮዝ) 80 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ያ ቀለም ይነጣል፤ ሲቀንስ ይጠቁራል።

ፊት ላይ ወሳኞቹ ቀይና ቢጫ ናቸው። ጠይም ፊት ከጨለመባችሁ ቀዩን ወደ 60 ግድም ከፍ አድርጉ። በጣም ከበዛ ከንፈር ከጉንጭ አይለይም፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ብጉሩ ሁሉ ፈጦ ይወጣል።

ደመና እንዲጎላ ሰማያዊውንና ሲያኑን ቀንሱ፤ ግን ቀስ እያላችሁ። ሲበዛ ሰማዩ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፣ የዛፍና የጣሪያ ጠርዝም ነጭ መስመር ያወጣል። በተለይ የተጨመቀ የጄፔግ ፎቶ ይህን አይችልም። ካሜራችሁ በሮው (ባልተጨመቀ ጥሬ የፎቶ ፋይል) የሚያነሳ ከሆነ ፋይሉን በ16 ቢት፣ ማለትም ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዘው አማራጭ፣ ከፍታችሁ ሥሩ።