ለስፖርት ኤርፎን ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሰምቶ መግዛት። ቆመው ሲሰሙት አልነቃነቅ ያለ ኤርፎን፣ የደሴውን ጦሳ ተራራ ሽቅብ ሲሮጡ ላብ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ያንሸራትተዋል። ሻጩ ፊት አፍዎን ከፍተው ይዝጉ፣ አንገትዎን ያዟዙሩ፣ ሁለት ሦስቴ ይዝለሉ። ማፈር ያከስራል።

ተገጥሞ በመጣው ጎማ መቅረት። ካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ አለ። ጎማው የጆሮን ቀዳዳ ካልደፈነ መጀመሪያ የሚጠፋው ባሱ ነው፤ ባስ ሲጠፋ ሰው ድምፅ ይጨምራል። "ባስ የለውም" ተብሎ የሚታማው ኤርፎን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ነው። ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ ልክ ቢፈልጉ አይግረምዎ። ድምፁን ከመጨመር ጎማ መቀየር ይሻላል፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚፈቅደው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ በ90 ዴሲቤል ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው።

"ውሃ አይነካውም" ሲባል ማመን። የውሃ መቋቋም ደረጃውን (አይፒኤክስ፣ IPX) ቁጥር ይጠይቁ። አይፒኤክስ 4 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ስለሚችል ለላብና ለካፊያ ይበቃል፤ አይፒኤክስ 7 ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ቁጥሩ ግን የኤርፎኑ እንጂ የቻርጅ ሳጥኑ ላይሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ከደሴ ቆላ ስለሆነች ላቡም ይበረታል፤ ላብ የነካውን ኤርፎን እንዳለ ሳጥኑ ውስጥ ከከተቱት ጨው የቻርጅ ነጥቦቹን ይበላቸዋል። አንዱ ጎን ቻርጅ አልይዝ የሚለው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ አናፍሰው ይክተቱ።

ለአስፋልት ጆሮ የሚደፍን መምረጥ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር ለሚሮጥ ሰው የከባድ መኪና ጥሩንባ ከዘፈን ይቀድማል። ጆሮን ሳይዘጋ በአጥንት ንዝረት የሚያሰማው ዓይነት ባሱ ደካማ ቢሆንም ለዚህ ይመረጣል። ያለዎት የሚደፍን ከሆነ የውጭ ድምፅ ማጥፊያውን ዘግተው፣ መኪና ፊት ለፊት እየመጣልዎት በግራ ጠርዝ ይሩጡ፤ የግራውን ብቻ ያድርጉ፣ ቀኙ መንገዱን ይስማ። ጂም ውስጥ ግን የሚደፍነው ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ "30 ሰዓት" የሚለውን እንዳለ መውሰድ። ሳጥኑ ደጋግሞ የሚሞላው ተደምሮ ነው፤ በአንድ ቻርጅ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጠይቁ።