ባንዲራው ተነሥቶ ጭቅጭቁ ካልቆመ፦ የረዳት ዳኛ የኦፍሳይድ ምልክትና የቅጣት ምቱ ቦታ

በደሴና በኮምቦልቻ የሰፈር ውድድሮች ባንዲራ ይዞ በመስመር ዳር የሮጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ጨዋታን የሚያውከው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣው «ኦፍሳይድ ነው፣ አይደለም» በሚለው ሳይሆን፣ ባንዲራው ከተነሣ በኋላ «ኳሱ ከየት ይመታ?» በሚለው ላይ ነው። (ኦፍሳይድ የሚባለው አጥቂው በተጋጣሚው ሜዳ ከኳሱም፣ ከመጨረሻው ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይም ይልቅ ለግብ መስመሩ ቀርቦ ሳለ ጓደኛው የላከውን ኳስ ሲጫወት ወይም ተጋጣሚን ሲያውክ ነው።)

ፊሽካው ተነፍቷል፤ ተከላካዩ ግን ኳሱን ታቅፎ ቦታ ይፈልጋል

ምክንያቱ ረዳት ዳኛው ምልክቱን በግማሽ መተዉ ነው። የኦፍሳይድ ምልክት ሁለት ደረጃ አለው። ረዳቱ መጀመሪያ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ ባንዲራውን ቀጥ አድርጎ ያነሣል፤ ዋናው ዳኛ ጨዋታውን ካስቆመ በኋላ ደግሞ ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ጥፋቱ በየትኛው በኩል እንደተፈጸመ ያመለክታል። ጥፋቱ ከእርሱ ራቅ ባለው የሜዳው ጎን ከሆነ ባንዲራው 45 ዲግሪ ወደ ላይ ያጋድላል፤ መሃል ከሆነ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሆናል፤ በእርሱ በኩል ከሆነ 45 ዲግሪ ወደ ታች ያዘነብላል። እኔ በጀማሪነቴ ደሴ ላይ ባንዲራዬን ሰቅዬ እንደ ምሰሶ ተገትሬ ስቀር፣ ዋናው ዳኛ አጠገቤ መጥተው «አብሽር ልጄ፣ ማንሣቱንስ አንሥተሃል፤ አሁን አውርደህ ቦታውን ንገረኝ» ያሉኝ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ቅጣት ምቱ ከተሳሳተ ቦታ ይመታል

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚብሰው ችግር ይኸኛው ነው። ተጫዋቾች ኳሱን ከረዳት ዳኛው ትይዩ፣ ወይም ኳሱ በተላከበት ቅጽበት አጥቂው ከቆመበት ቦታ ያስቀምጡታል፤ ብዙ ረዳቶችም ይህንኑ ትክክል አድርገው ያዩታል። ስሕተቱ የሚመነጨው አቋሙንና ጥፋቱን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። አጥቂው የሚመዘነው የቡድን ጓደኛው ኳሱን በነካበት ቅጽበት በነበረው አቋም ነው፤ ቅጣት ምቱ የሚመታው ግን በጨዋታው ጣልቃ ከገባበት፣ ለምሳሌ ኳሱን ከነካበት ወይም ተከላካዩን ካወከበት ቦታ ነው። በመሆኑም አጥቂው በተጋጣሚው ሜዳ አምስት ሜትር ገብቶ ቆሞ ሳለ ኳሱ ቢላክለት፣ እርሱም ወደ ኋላ ተመልሶ የመሃል መስመሩን አልፎ በራሱ ሜዳ ቢቀበለው፣ ምቱ የሚመታው ከዚያው ከራሱ ሜዳ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ይህን በግልጽ አስቀምጧል። ጥፋቱ በተከላካዮቹ የግብ ክልል (ከግቡ ፊት ባለው ትንሹ ሳጥን) ውስጥ ከተፈጸመ ደግሞ ከዚያ ክልል ከየትኛውም ቦታ መምታት ይቻላል።

መፍትሄው ረዳቱ ባንዲራውን ሲያነሣ አጥቂው ጣልቃ የገባበትን ነጥብ በዐይኑ መያዙ ነው። ባንዲራው የሚናገረው የሜዳውን ስፋት ብቻ ስለሆነ፣ ርዝመቱን ዋናው ዳኛ ራሱ መከታተል ይኖርበታል፤ ካስፈለገም ረዳቱ በነጻ እጁ በትንሽ ምልክት ያግዘዋል።

ባንዲራው ከተነሣ በኋላ ሌላ አጥቂ ከኋላ መጥቶ ኳሱን ይወስዳል

ይህ የችኮላ ውጤት ነው። በኦፍሳይድ አቋም መገኘት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ረዳቱ ከመጨረሻው ሁለተኛ ከሆነው ተከላካይ ጋር፣ ኳሱ ወደ ግብ መስመሩ ይበልጥ ከቀረበ ደግሞ ከኳሱ ጋር ትይዩ ሆኖ ማንኛው አጥቂ ኳሱን እንደሚጫወት መጠበቅ አለበት። ኳሱን መጫወት የሚችለው በኦፍሳይድ አቋም ያለው አጥቂ ብቻ መሆኑ ግልጽ ከሆነ ግን ኳሱን እስኪነካ መጠበቅ ግዴታ አይደለም።

ዋናው ዳኛ ባንዲራውን አያይም

ደሴ ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ከሜዳው ማዶ ያለው መስመር ይደበዝዛል፤ ዝናብ ያራሰው ባንዲራም በዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ ከርቀት ዱላ ይመስላል። ኮምቦልቻ ላይ ጉሙ ቢቀልም፣ በሙቀቱ የደከመ ክንድ ባንዲራውን ቶሎ ያወርደዋል፤ እርሱም ያው ነው። ረዳቱ ከማንሣቱ በፊት ጨርቁን ፈታ ማድረግ፣ የሜዳው እይታ እንዳይከለልበት በቀኝ እጁ ማንሣት፣ እጅ መቀየር ሲያስፈልገውም ከወገብ በታች መቀየር ይገባዋል። ባንዲራው ዋናው ዳኛ ምላሽ እስኪሰጥ፣ ወይም ኳሱ በተከላካዩ ቡድን ቁጥጥር ሥር በግልጽ እስኪገባ ድረስ አይወርድም።

ከእጅ ውርወራ በኋላ ባንዲራ ይነሣል

ኳሱ በቀጥታ ከእጅ ውርወራ፣ ከማዕዘን ምት ወይም ከመልስ ምት ከደረሰ ኦፍሳይድ የለም። ተመልካች ስለጮኸ ብቻ ባንዲራ የሚያነሣ ረዳት አጋጥሞኛል፤ ዋናው ዳኛ እንዲህ ያለውን ምልክት በእጁ አስወርዶ ጨዋታውን ማስቀጠል ይችላል።

ምቱ በቀጥታ ግብ ይሆናል፣ ደጋፊውም ይጨፍራል

በኦፍሳይድ የሚሰጠው ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ስለሆነ፣ ኳሱ ሌላ ተጫዋች ሳይነካው የተጋጣሚው መረብ ውስጥ ቢያርፍ ግቡ አይጸድቅም፤ የመልስ ምት ይሰጣል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ዋናው ዳኛ ክንዱን ሳያነሣ ሲቀር፣ ወይም ካነሣ በኋላ ቶሎ ሲያወርድ ነው። ክንዱ ምቱ ተመትቶ ኳሱ ሌላ ተጫዋች እስኪነካ፣ ከሜዳ እስኪወጣ ወይም በቀጥታ ግብ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ እስኪሆን ድረስ እንደተነሣ ይቆያል፤ ተጋጣሚዎችም 9.15 ሜትር ይርቃሉ።