ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት ላላችሁ፦ ከሬስቶራንቶች ማኅበር ጥቅም የሚገኘው እንዴት ነው?

ናይንዝ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤት አለኝ። አዲስ የሚከፍቱ ወገኖች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «ማኅበር መግባት ምን ይፈይድልኛል? ክፍያው አይበዛም?» ይሉኛል። ከፍሎ ቁጭ ለሚል ሰው ይበዛል። ጥያቄ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን አይበዛም።

የማወራው ስለ ሜትሮፖሊታን ዋሽንግተን ሬስቶራንቶች ማኅበር ነው። ከ1920 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዲሲን፣ ሰሜን ቨርጂኒያንና አጠገባችን ያለውን ሜሪላንድ ያቅፋል። ስማቸው የገነነ ትልልቅ ቤቶች አሉበት፤ እንደ እኛ ባለቤቷ ራሷ ወጥ የምታማስልባቸውም አሉበት።

ምክሬ ችግር ሳይመጣ ግቡ ነው። ዕድር የሚገባው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም። ስትመዘገቡ ክፍያው በምን እንደሚሰላና ተከፋፍሎ መከፈል ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ስለ ደንብ ስትደውሉ ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ጠይቁና ስሙን ያዙ። እኔ ከሁሉም በላይ የተጠቀምኩት በዚያ አንድ ስም ነው።

ይህ ስም መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ለመጠጥ ፈቃድ ነው። ስታመለክቱ መስኮታችሁ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን፣ ኤኤንሲ የምንለው፣ እንዲሁም ጎረቤቶች ተቃውሞ ማቅረብ ይችላሉ። ያኔ ብዙ ጊዜ የስምምነት ወረቀት ይመጣል። ሙዚቃው በዚህ ሰዓት ይቁም፣ በረንዳው በዚህ ሰዓት ይዘጋ፣ ቆሻሻው በዚህ ሰዓት ይውጣ ይላል። ሰው ፈቃዱ ቶሎ እንዲወጣለት ሲል ይፈርማል። ወረቀቱ ግን ፈቃዱን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ስታድሱ አብሮ ይቀጥላል፤ ቤቱን ከነፈቃዱ ብትሸጡም ገዢው ላይ ይጸናል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ይዛችሁት ማኅበሩ ጋ ሂዱ። በዚያው መንገድ ላይ ያሉ አባላት ምን እንደፈረሙ ጠይቁ። ጎረቤታችሁ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የሚሠራ ከሆነ እናንተ አራት ሰዓት ላይ ሙዚቃ ለማቆም የምትስማሙበት ምክንያት የለም። አዝማሪ ወይም ባንድ ልታስገቡ ካሰባችሁ ደግሞ ለመዝናኛው ተጨማሪ ፈቃድ አለ፤ ከመጀመሪያው አብራችሁ ጠይቁ። ማኅበሩ የጠበቃን ቦታ አይተካም። የምግብ ቤት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ግን ይጠቁማችኋል።

ቀጥሎ ሬስቶራንት ዊክ ነው፤ ብዙ ምግብ ቤቶች በአንድ ሳምንት በተወሰነ ዋጋ ሙሉ ምናሌ የሚያቀርቡበት ነው። ማኅበሩ በዓመት ሁለቴ፣ በአሜሪካ ክረምትና በጋ ያዘጋጀዋል። ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ ነው። በቅርብ ዓመታት እራት በሰው 40፣ 55 ወይም 65 ዶላር ሆኗል። ብዙ ሐበሻ ባለቤቶች «ይሄ የእኛ ምግብ አይደለም» ብለው ይተዉታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አዎ፣ ምናሌው በየተራ ለሚቀርብ ምግብ የተሠራ ነው፤ እኛ ደግሞ ሁሉንም አንድ ገበታ ላይ ነው የምናቀርበው። መፍትሔው ይህን ያህል ከባድ አይደለም። መክፈቻ ሳምቡሳ ወይም አዚፋ አድርጉ። ዋናው ለሁለት ሰው አንድ ገበታ ይሁን። መጨረሻ ላይ ባቅላባ ከጀበና ቡና ጋር ይቅረብ። «ዋጋው በሰው ነው፣ ገበታው የጋራ ነው» ብላችሁ ምናሌው ላይ ጻፉ፤ አለዚያ ሒሳብ ሲመጣ ጭቅጭቅ ይነሳል። የሥጋውን፣ የቂቤውንና የጤፉን ወጪ ለአንድ ሰው አስልታችሁ ነው ዋጋ መምረጥ ያለባችሁ። ጎረቤት የመረጠውን አትከተሉ።

የበጋው ሳምንት ነሐሴ ላይ ስለሚውል ብዙ ጊዜ ፍልሰታን ይነካል። የ2024ቱ ከኦገስት 12 እስከ 18 ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ፎሶሊያ ያኔ ኩሽናችን ውስጥ በብዛት ይሠራሉ። ሥጋ የማይበላ ደንበኛ ደግሞ በዚህ ከተማ ሞልቷል። የጾም በያይነቱን ከጎን አታስቀምጡት፤ ዋና አድርጋችሁ አቅርቡት።

ኢንሹራንስ፣ ፎጣና ካርድ ማሽን የሚያቀርቡ ድርጅቶችም በማኅበሩ በኩል ይመጣሉ። የአባል ቅናሽ ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ለካርድ ድርጅቱ በወሩ የከፈላችሁትን በሙሉ ለወሩ የካርድ ሽያጭ አካፍሉና የሚወጣውን በመቶኛ ከሌላ ዋጋ ጋር አወዳድሩ።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሕግ ሲወጣ ነው። የቲፕ ሠራተኞችን መነሻ ደመወዝ ውሰዱ። በ2018 የዲሲ መራጭ ኢኒሼቲቭ 77ን አጸደቀ፤ ይህ መነሻቸው ቀስ በቀስ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል እንዲሆን ለሕዝብ ድምፅ የቀረበ ሐሳብ ነው። የዲሲ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 ተመሳሳዩ ኢኒሼቲቭ 82 አለፈ። ከዚያም መነሻው በሰዓት ከ5.35 ዶላር ተነሥቶ በጁላይ 2024 10 ዶላር ደረሰ። በ2025 ምክር ቤቱ አካሄዱን እንደገና ቀየረው። ማኅበሩ ሁለቱንም ኢኒሼቲቮች ተቃውሟል። አስተናጋጆቻችን እህቶቻችንና የአገራችን ልጆች ስለሆኑ እኛ ቤት ጉዳዩ በሁለቱም በኩል ያመናል። ለዚህ ነው ትንንሾቹ ቤቶች ስብሰባው ላይ መገኘት አለብን የምለው። ካልሄድን ማኅበሩ የሚሰማው የትልልቆቹን ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ያዙ፦ የወር ሽያጭ፣ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ እና አንድ አስተናጋጅ በሳምንት ከነቲፑ የምታገኘው። ምክር ቤቱ ፊት ለመናገር የሚሰጠው ደቂቃ አጭር ነው፤ በስሜት ከሚነገረው ይልቅ ይህ ወረቀት ይሰማል።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ደግሞ መብታችሁን እወቁ። በ2004 የወጣ የዲሲ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የጤና ተቆጣጣሪ ስለ ክትፎ ማስጠንቀቂያ ወይም ስለ ወጥ አቀዛቀዝ ሲጠይቃችሁ ያልገባችሁን በግምት አትመልሱ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ማኅበሩ በዚህ ሕግ አይገደድም፤ እዚያ ስትሄዱ ልጃችሁን ወይም ቋንቋውን የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ ማኅበሩ እናንተንም ያቅፋል፤ የመጠጥና የደመወዝ ሕጋችሁ ግን ሌላ ነው። ስትደውሉ መጀመሪያ ቤታችሁ የት እንዳለ ንገሯቸው።