ድሬና ሐረር ንብረት ላላችሁ፦ ውክልናችሁን አውጥታችሁ አንብቡት

ቶሮንቶ ወይም ሜልቦርን ተቀምጦ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለ ቤት፣ ቀፊራ ገበያ ያለ ሱቅ ወይም ሐረር በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ የአያት ቤት የሚያስተዳድር ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ነገር በስልክ ነው የሚያልቀው። «አቦ ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» የሚል ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አለ። ደስ ይላል። መሬት አስተዳደሩም ባንኩም ግን የሚያዩት ዝምድናውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ሕጎቹ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየተቀየሩ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት የፈረማችሁት ውክልና ዛሬ ለሚያስፈልገው ሥራ ሊያንስ፣ ለማይፈለገው ደግሞ ሊተርፍ ይችላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ ይናገራል። ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ቤት መሸጥ፣ በመያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት፣ በዕርቅ መጨረስ፣ ክስ መመሥረት ግን ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። ይህ በአንቀጽ 2205 ነው። ሕጉ በዚህ በኩል ለእናንተ ቆሟል።

ችግር የሚመጣው ከተዘጋጀው ቅጽ ነው። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ፣ በስሜ እንዲበደር፣ ሦስተኛ ወገን እንዲወክል» የሚል አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አለ። ሰው ከሥራ አስፈቅዶ ኤምባሲ ይሄዳል፣ ተራው ሲደርስ ሳያነብ ይፈርማል። ኪራይ እንዲሰበስብለት የፈለገውን ሰው ቤቱን እንዲሸጥ ወከለው ማለት ነው። ኪራይ ብቻ ከፈለጋችሁ ኪራይ ብቻ ይጻፍ። የቤቱ ቁጥርና የካርታው ቁጥር ይግባ። «ሦስተኛ ወገን እንዲወክል» የሚለው ካላስፈለጋችሁ ይሰረዝ፤ አለበለዚያ ንብረታችሁ ፈጽሞ የማታውቁት ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

ኤምባሲ የተፈረመው ውክልና እንደመጣ ሥራ አይጀምርም። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ድሬዳዋ ላይ ይህን የሚሠራው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነው። ሐረር ግን የክልሉ የራሱ አሠራር አለ። ስትሽሩም እንዲሁ ነው። ለወኪሉ ደውሎ «በቃ ተወው» ማለት አይበቃም። ሽረቱ ተመዝግቦ ለመሬት አስተዳደሩና ለባንኩ በጽሑፍ ይድረስ። ወካይ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ እንደሚቀርም አትርሱ። አባታችሁ በሰጡት ውክልና ከእሳቸው ሞት በኋላ ወንድማችሁ የሚፈርመው ነገር ነገ ክርክር ነው።

ስለ ውርስ ካነሳን፣ ዝም ብሎ መቆየት አደገኛ ነው። ሌላ ሰው የውርሱን ንብረት እንደያዘና እናንተም መብት እንዳላችሁ ካወቃችሁ በኋላ የ3 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ይቆጠራል። ብዙ የሐረርና የድሬ ቤተሰብ ውርሱን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይጨርሳል፤ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ግን የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ውጭ ያላችሁት ወራሾች ፈቃዳችሁን ራሳችሁ ወይም በግልጽ በወከላችሁት ሰው በኩል ስጡ። የጋራ ቤት ሲሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል። ድሬዳዋ የምትሠራው በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ሐረሪ ክልል ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። የአንዱን ከተማ ልምድ ይዛችሁ ሌላው ጋ አትሂዱ።

አሁን ተከራይ ስታስገቡ ወኪላችሁ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ማወቅ አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም። ውሉ ይመዘገባል፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ዋጋ መጨመርም እንደ ድሮው በአከራዩ ፍላጎት አይደለም። «6 ወር ቀድሞ ይክፈል፣ ክረምት ስመጣ ይለቅልኛል» የሚለው ሒሳብ አይሠራም። በየክረምቱ ራሳችሁ የምታርፉበት ቤት ከሆነ ባታከራዩት ይሻላል።

የኮሪደር ልማቱ ድሬም ሐረርም ገብቷል። ይዞታችሁ ለልማት ከተፈለገ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ የሚቀርበው ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ማስታወቂያው የሚለጠፈውና ደብዳቤው የሚደርሰው እዚያው ሰፈር እንጂ ቶሮንቶ አይደለም። ስለዚህ ውክልናው ላይ «ማስታወቂያ እንዲቀበል፣ አቤቱታ እንዲያቀርብ» የሚል መስመር ይኑር። ካሳ የሚቀበለው ማን እንደሆነና በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባም ይጻፍ። የካርታውን፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብሩንና የሊዝ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅም ስለጸደቀ የግብር ደረሰኝ ከበፊቱ የበለጠ ይፈለጋል።

ጀጎል ውስጥ ቤት ያላችሁ ደግሞ ለብቻችሁ ስሙኝ። ጀጎል ከ1998 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የአያታችሁ ቤት ጣሪያ ቢያፈስ እንኳ ገንዘብ ልካችሁ በብሎኬትና በቆርቆሮ አታስቀይሩት። የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይቀድማል። ግንበኛው «እኔ እጨርሰዋለሁ» ቢልም ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ያ ቤት ደግሞ አንዴ ከፈረሰ አይመለስም፤ ስለዚህ እባካችሁ።

ንግድ ላይ አላበዛም። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ያለ ቅጣት የሚታደሰውም ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው። ሱቁ ከተዘጋ ፈቃዱን መልሱ፤ ዝም ካላችሁት ግብሩ ይከማቻል። በ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ስለሚችል ለይስሙላ ዘመድ አባል ማድረግ ቀርቷል። የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁን፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን፣ አሳድሱ። የቤት ባለቤት የመሆንና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመታየት መብት ከሱ ጋር ነው። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚመነዘር በባንክ ላኩ። በእጅ የተላከ ገንዘብ ነገ በክርክር ጊዜ ማስረጃ የለውም።

ለትምህርት ቤት ወይም ለጤና ጣቢያ ማኅበር ማቋቋም ለምታስቡ ጥሩ ዜና አለ። የድሮው ሕግ አገር በቀል የመብት ድርጅቶችን ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ይከለክል ነበር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን አንስቶታል። ለመመሥረት 5 ሰው ይበቃል፣ የአስተዳደር ወጪ ግን ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይገዙም። ድሬዳዋ የሚቋቋም ድርጅት በፌዴራሉ ባለሥልጣን ይመዘገባል። ሐረሪ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጉዳዩ የክልሉ ነው። ብር ከማሰባሰባችሁ በፊት በማኅበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ የአንድ ወንድማችን የግል ሒሳብ ላይ አይግባ።