የአንድን ትልቅ ቁጥር ባሕርይ በወረቀትና በእርሳስ እንዴት መመርመር ይቻላል?

ስለ አንድ ሙሉ ቁጥር ማወቅ የምንፈልገው አብዛኛው ነገር ብቸኛ አካፋዮቹ ውስጥ አለ። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይቀጥላል። ዋናው ልፋት ቁጥሩን ወደ እነዚህ መበተኑ ላይ ነው፤ የቀረው ተራ ማባዛት ነው። ለመለማመጃ 123,456,789ን እንውሰድ።

1. ሳያካፍሉ የሚታወቀውን ያስቀድሙ። መጨረሻው 9 ስለሆነ ለ2ም ለ5ም አይካፈልም። አሃዞቹ ሲደመሩ 45 ይሆናሉ፤ 45 ደግሞ ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። (ዘጠኙን አሃዞች እንዳሻዎ ቢያቀያይሯቸውም ድምሩ ያው ነው፤ ስለዚህ ከእነሱ ብቸኛ ቁጥር ለመሥራት አይድከሙ።) ለ9 ሲያካፍሉት 13,717,421 ይደርስዎታል። የዚህ አሃዞች ድምር 26 ነው፤ 3 ከእንግዲህ አይገባበትም።

2. አሁን ለ7፣ ለ11፣ ለ13 እያሉ መሞከር ይቻላል፤ ግን 500 ያህል ብቸኛ ቁጥሮችን ማለፍ ሊኖርብዎት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ የተሻለ መላ ነበረው፦ ቁጥሩን የሁለት ዳግም ርቢዎች (አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኙ ውጤቶች) ልዩነት አድርጎ መጻፍ። እንዲህ ያለው ልዩነት በራሳቸው የተባዙት ሁለት ቁጥሮች ልዩነት በድምራቸው ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ስለሆነ አካፋዮቹን ወዲያው ይሰጣል። የ13,717,421 ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ይህን ቁጥር የሚሰጠው) 3703.7 ገደማ ስለሆነ ከ3704 ይጀምሩ።

3704 × 3704 = 13,719,616። ከዚህ ላይ ቁጥራችን ሲቀነስ 2,195 ይተርፋል። 46 በራሱ ሲባዛ 2,116፣ 47 ደግሞ 2,209 ስለሚሰጥ 2,195 ዳግም ርቢ አይደለም።

3705 × 3705 = 13,727,025። ልዩነቱ 9,604፣ ማለትም 98 × 98! ስለዚህ አካፋዮቹ 3705 − 98 = 3607 እና 3705 + 98 = 3803 ናቸው።

በሁለተኛው ሙከራ የተሳካው ሁለቱ አካፋዮች ስለሚቀራረቡ ነው። ቢራራቁ ኖሮ ይህ መንገድ ከማካፈሉም ይብስ ነበር። የኢንተርኔት መልእክት ለመቆለፍ ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ሲባዙ በጣም የሚቀራረቡ ጥንዶች የማይመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

3. ሁለቱ ብቸኛ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ለ3607 እስከ 59፣ ለ3803 እስከ 61 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ከዳግም ዘሩ ማለፍ ትርፉ ድካም ነው። ሁሉም ቀሪ ይተዋሉ።

4. እንግዲህ 123,456,789 = 3 × 3 × 3607 × 3803 ነው። 3 ሁለት ጊዜ፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ መጥተዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ 1 ጨምረው ያባዙ፦ 3 × 2 × 2 = 12 አካፋዮች አሉት። የአካፋዮቹ ድምር (1 + 3 + 9) × 3608 × 3804 = 178,422,816 ነው። ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስለት 54,966,027 ይቀራል፤ ይህ ከቁጥሩ ስለሚያንስ ጎደሎ ከሚባሉት ወገን ነው። 3607 እና 3803 ብቻቸውን ስለቆሙ ዳግም ርቢ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ለ4 ሲካፈሉ 3 ይተርፋቸዋል፤ እንዲህ ያለ ብቸኛ አካፋይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ካልመጣ ደግሞ ቁጥሩ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ሆኖ አይጻፍም።