የሰፈር መናፈሻን በበጎ ፈቃደኞች እንዴት መንከባከብ ይቻላል? ከጀሪካኑ ጀምሩ

ሐምሌ ላይ ችግኝ የሚተክል ሰው አይጠፋም። ቲሸርቱ ይታደላል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ዝናቡም የድርሻውን ያግዛል። ሰው የሚጠፋው ጥር ላይ ነው፤ መሬቱ ሲሰነጣጠቅና ቅጠሉ ሲጠወልግ። ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ የደጋ ከተማ የሰፈራችሁን መናፈሻ ልትይዙ ካሰባችሁ፣ ዕቅዳችሁን ከጥር ወደ ኋላ ቁጠሩ።

ሂሳቡ ይኸው። አንድ ለጋ ችግኝ በበጋ በሳምንት ወደ 10 ሊትር ውሃ አጠጡት እንበል። 50 ችግኝ ካላችሁ 500 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 25 ጀሪካን። በየቅዳሜው ሳይቀሩ የሚመጡት አምስት ሰዎች ቢሆኑና እያንዳንዳቸው ሁለት ጀሪካን ቢያመላልሱ 10 ጀሪካን ትሞላላችሁ። ይህ ለ20 ችግኝ ይበቃል፤ እንግዲያው 20 ትከሉ። «ይቺን ብቻ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጀሪካን አስይዙት።

መጀመሪያ ወረዳ

መናፈሻው የሕዝብ ቢሆንም ባለቤት ቢሮ አለው። ወረዳ ሄዳችሁ ማን እንደሚያስተዳድረው አጣሩና ደብዳቤ አስገቡ። ሦስት ነገር ሳትጠይቁ እንዳትመለሱ፦ ቦታው ላይ ሌላ ፕላን አለ ወይ? ከመሬቱ ሥር የውሃ ቧንቧ ወይም የመብራትና የቴሌ ገመድ ያልፋል ወይ? የቧንቧው ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ቀጥሎ እድሩ ጋ ሂዱ። የወር ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ብትለምኑ፣ ቴሌግራም ላይ አንድ ወር ከመጻፍ ይሻላል። ግሩፑ ውስጥ 80 ሰው ይገባል፣ ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኝ ሰው ይመጣል። ጥበቃውን፣ በሩ ላይ ቡና የምታፈላዋንና ሊስትሮዎቹን አትለፏቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያ የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ ማን ቅርንጫፍ እንደሚሰብር፣ ማን ማታ ቆሻሻ እንደሚደፋ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዶማ ሳታነሱ ዙሩት

አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ፣ አንድ ቀን ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ዙሩት። ውሃ የት ይተኛል? ጥላ የት ይጎድላል? ሰው በየት ያቋርጣል? ሣሩን አቋርጦ በእግር የተከፈተ መንገድ ካለ አትዝጉት። ሽቦ ብታስሩበት በሳምንቱ ይቆረጣል። ጠጠር አልብሱትና መንገድ ይሁን።

ጽዳትና አረም

የመጀመሪያው ቅዳሜ የቆሻሻ ቀን ነው። ወፍራም ጓንትና ሽፍን ጫማ ሳይዝ ማንም አይግባ፤ ሣር ውስጥ የጠርሙስ ስባሪና መርፌ ይኖራል። ሃይላንዱንና ብረታ ብረቱን ለብቻ አጠራቅማችሁ ለቆራሌው ሽጡ፤ የሚቀጥለውን ጓንት ይገዛል። ፕላስቲክ እዚያው አታቃጥሉ።

አረም ላይ ቅንጨ አረምን ለዩ። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ ነው፣ አበባው ነጭና ደቃቅ። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትንም ያስቸግራል። ሳያብብ፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ንቀሉት። ካበበ በኋላ ማጨድ ዘሩን መበተን ነው።

ተከላ

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፤ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ይኑረው። ጥቁሩን የላይ አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ክመሩ። ዝናቡ ሲጠና፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ትከሉ። ከዚያ የዘገየ ችግኝ ሥር ሳይሰድ ፀሐይ ያገኘዋል።

አሁን ችግኙን በእጃችሁ ያዙ። ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ሰንጥቃችሁ አውጡት፤ አፈሩ እንዳይፈርስ ከሥር በመዳፍ ደግፉት። ታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ቸኩለን ብዙዎቹን ከነላስቲኩ ቀብረናል። በዓመቱ አንዱን የደረቀ ስንነቅል ሥሩ እንደ ጥምጣም ዞሮ ዞሮ ላስቲኩ ውስጥ ቀርቷል። ጥቁሩን አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ ሥሩ ዙሪያ ሙሉ፣ አንገቱ ከመሬት እኩል ይሁን፣ በእግር ቀስ ብላችሁ ጠቅጠቅ አድርጉ። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ።

ምን ይተከል? ለዳር ዳር ወይራና ጽድ፣ ለጥላ ዋንዛና ጥቁር እንጨት። ብርብራም ጥሩ ጥላ ነው፣ ግን ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ የሚደነዝዝበት ነውና ከልጆች መጫወቻ ይራቅ። በመብራት ሽቦ ሥር ዝግባ መትከል ለመጋዝ ማሳደግ ነው። ባሕር ዛፉ ይቅርባችሁ፤ ለሣር የሚሆን ውሃ አያስተርፍም። ለሣሩ ሰርዶ በቂ ነው፤ ቁርጥራጩን በክረምት ብትቀብሩት ራሱ ይሳባል።

በጋ

ከጥቅምት ጀምሮ በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አጠጡ። በሁለት ቀን አንዴ ላዩን ከማርጠብ በሳምንት አንዴ እስኪጠግብ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ቅዳሜ መምጣት የማይቻልበት ሳምንት ካለ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ብሱና ውሃ ሞልታችሁ ከችግኙ አጠገብ ዘቅዝቃችሁ ትከሉት። ቂጡንም ትንሽ ብሱት፤ አየር ካልገባ አይንጠባጠብም።

አንድ ደብተር ያዙ፦ የትኛው ችግኝ መቼ ጠጣ፣ ማን ተረኛ ነው፣ የቆራሌው ገንዘብ ምን ተገዛበት። የቧንቧው ቁልፍ ደግሞ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ጥበቃው ጋ፣ ሌላው ቡና የምታፈላዋ ጋ። የእኛን የያዘው ልጅ ለገና አገሩ ገብቶ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነበር።